ሁለቱም ጆሮዎች የሚታዩበት ፎቶ

አያቴን፣ አባባን፣ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሪስ አሳጥቤ ሳመጣ፣ እሳቸው አንድ በአንድ አይተው ሲጨርሱ የፎቶዎቹን ፊት ወደ ታች እየደፉ ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። ካርታ የሚጫወቱ ነበር የሚመስሉት። እኔ ምስጋና እየጠበቅኩ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። በሥራዬ ኮርቼ ነበር። በአንዱ በጎን ሆነው ሐዲዱን ሲያዩ፣ በአንዱ አጎንብሰው እንጨት ሲልጉ፣ በሌላው ደግሞ በራፉ ላይ ቆመው ግማሽ ፊታቸውን ጥላ ውጦት ይታያሉ። ያቺን በተለይ በጣም ወድጃት ነበር።

«ሌላው ጆሮዬ የት ሄደ?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ፎቶዎቹን ሰብስበው ሰጡኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ካሜራዋ አሮጌ ነበረች፤ መርካቶ ልባሽ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ነው ያገኘኋት። ማንም አላስተማረኝም፤ ፊልም እያቃጠልኩ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ይወጣብኝ ነበር። ቀስ በቀስ እጄ ሲፈታ የአቃቂ ሰው ለክርስትናውም ለምርቃቱም ይጠራኝ ጀመር። አባባን ማንሣት የጀመርኩት ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ እንደ እሳቸው ዝም ብሎ የሚቀመጥልኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

አባባ ቻይና ናቸው። የእናቴ አባት። ከደቡብ ቻይና፣ ከባሕር ዳር መንደር፣ በወጣትነታቸው የመርከብ ወጥ ቤት ተቀጥረው ወጡ። ጅቡቲ ሲደርሱ በወባ ወደቁ፤ መርከቡም ትቷቸው ሄደ። ሲያገግሙ የሰሙት ነገር ቢኖር ባቡሩ ወደ ደጋ እንደሚወጣ፣ ደጋ ላይ ደግሞ ወባ እንደሌለ ነው። አናጢነት ከአባታቸው ተምረው ስለነበር አቃቂ ጣቢያ የፉርጎ ወለልና በር ጠጋኝ ሆነው ተቀጠሩ። እንዴት እዚህ እንደመጡ የጠየቃቸውን ሁሉ «ባቡሩ አወረደኝ» ብለው ነው የሚመልሱት። ከዚያ በኋላ ጣቢያው ላይ ለመንገደኛ የተቀቀለ እንቁላል የምትሸጥ ልጅ አገቡ፤ እሷን ለማግባት ክርስትና ተነሡ፤ ሐዲዱ ጥግ ባለችው ቤት ልጅ ወለዱ፣ አረጁ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ባቡር ሲያልፍ የያዙትን ሥራ አቁመው ያዳምጡ ነበር። በድምፁ ብቻ የቱ ፉርጎ ማጠፊያው እንደላላ ያውቃሉ።

የሰፈሩ ሰው «ቻይናው» ይላቸዋል፣ ከፊትም ከኋላም። ክፋት አልነበረበትም። እንደውም «ቻይናው የሠራው በር» ከተባለ በሩ ተወደሰ ማለት ነው። ለልጆች ግን ሌላ ነበር። እማዬ ትምህርት ቤት «ቻይና! ቻይና!» እየተባለች አልቅሳ አደገች። ዓይኗን የወረስኩት እኔም ተራዬ ሲደርስ እንደዚያው አለቀስኩ። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ቻይና የሚባል አገር አልነበረም። አናነሣውም፤ እሳቸውም አያነሡትም። የአባባን እናት ስም እንኳ አላውቅም ነበር።

ከእሱ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በዓመት አንዴ፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ አባባ ጓሮ ይዞሩና ባሕር ዛፉ ሥር ሳሕን ያስቀምጣሉ። ትንሽ ሩዝ፣ ትንሽ ምስር፣ አንዳንዴም ድንች። ጥቂት ቆመው ይመለሳሉ። ልጅ ሆኜ ለድመቷ መስሎኝ ነበር፤ ድመቷ ምስር አለመብላቷም አላስገረመኝም።

እንግዲህ ከዚያ ከጆሮው ነገር ሰንበትበት ብሎ፣ እንደገና ላነሣቸው ስል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «በደንብ የምታነሺኝ ከሆነ አንሺኝ» አሉ። በደንብ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ወንበራቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ፊት ለፊት ዞሩ፤ ጀርባቸውን አቀኑ፤ ሁለት እጃቸውን ሁለት ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። አፋቸውን ገጠሙ።

«ጉርድ ፎቶ ነው እንዴ የሚፈልጉት? ለመታወቂያ?»

«ጉርድማ ይቆርጠኛል። እጄም ይታይ። ሁለቱም ጆሮዬ ይታይ። ምንም የጎደለ ነገር አይኑር።»

ከዚያ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስለ አባታቸው ቤት ነገሩኝ። በሩን ሲከፍቱ ፊት ለፊት ረጅም ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ የሞቱት ታላላቆች ሥዕልና ፎቶ ተደርድሯል፤ ሁሉም ፊት ለፊት እያዩ፣ ሁሉም ሁለት ጆሮ ይዘው። የቤቱ ሰው ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ እነሱን ይጠራል፤ «አያቴ ኑ ብሉ፣ አባቴ ኑ ብሉ» ይላል። ጆሮ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው አሉኝ፣ ሲጠሩ እንዲሰሙ። በእርግጥ አገራቸው ሁሉ እንደዚያ ይበል፣ እናታቸው ለልጅ ለማስረዳት ብላ ፈጥራው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። በዚያ አገር ሰው ሲያረጅ፣ ፊቱ ገና ደህና እያለ፣ ልብሱን ለብሶ ሄዶ ያን ፎቶ ራሱ ይነሣል። ሟርት አይባልም። እንደ መገነዣ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው።

ይኼኔ ነው የገባኝ። አባባ የሚጠይቁኝ ከሞቱ በኋላ የሚቀመጥላቸውን ፎቶ ነበር።

ከእማዬ ልደብቀው አስቤ ነበር፤ አባባ ግን ምሳ ላይ፣ ጨው አቀብሉኝ እንደማለት ቀለል አድርገው ነገሯት። እማዬ የያዘችውን ጉርሻ ሳሕኑ ላይ መለሰች። ወደ እሳቸው አላየችም፤ ወደ እኔ ነው ያየችው።

«ካሜራ ስትገዢ ዝም ያልኩሽ ለአባቴ የለቅሶ ፎቶ አንሺ ብዬ አይደለም።»

«እሞታለሁ አላልኩም» አሉ አባባ፤ «ስሞት ተዘጋጅቼ ልገኝ ነው ያልኩት።»

እማዬ ተነሥታ ወጣች። ለምን እንደዚያ እንደሆነች አውቃለሁ። አያቴ፣ የአባባ ሚስት ማለቴ ነው፣ ስታርፍ ፎቶ አልነበራትም። የተገኘው የአንድ ጎረቤት ሠርግ ላይ ከብዙ ሰው ጋር የተነሣችው ነው። ፎቶ ቤቱ ከሰዎቹ መሀል ቆርጦ አውጥቶ አሳደገው፤ ፊቷ ጭጋግ ሆነ፤ ትከሻዋ ላይ ደግሞ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ ቀረ። ለቅሶው ላይ ያንን ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛ የዞረችው እማዬ ናት። ሰው እያለቀሰም ቢሆን «እጁ የማን ነው?» ይባባል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእማዬ ትልቅ ፎቶ ማለት ለቅሶ ነው። አባባ ደግሞ ከዚያው ፎቶ የተማሩት ሌላ ነገር ነው፤ ሰው በጊዜው ካልተዘጋጀ ከሰው መሀል ተቆርጦ እንደሚወጣ።

ክርክሩ በቃል አልቀጠለም። አባባ የሚከራከሩት በመቀመጥ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ቆልፈው፣ ደጃፋችን ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ፤ እጅ ጉልበት ላይ፣ ፊት ወደ ፊት። በሚቀጥለውም ቀን። በሚቀጥለውም። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያናግራቸዋል።

«ቻይናው፣ ዛሬ ሠርግ ተጠርተዋል እንዴ?» አሏቸው አንዲት ጎረቤታችን።

«የለም፤ ፎቶ አንሺዋን እየጠበቅኩ ነው።»

«የት ሄዳ?»

«እናቷን ፈርታ ጓዳ ገብታለች።»

እውነትም ጓዳ ነበርኩ። እማዬም እዚያው ነበረች፤ ሽንኩርት እየላጠች ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ቃሊቲ የመሄዱን ሐሳብ ያመጣችው ራሷ እማዬ ናት። ያኔ ቀለበት መንገዱ እየተሠራ ነበር፤ ቻይኖች በየማሽኑ ላይ፣ በየጉድጓዱ አፍ ላይ ይታያሉ። «አባባን የያዛቸው የአገራቸው ሰው ናፍቆት ነው» አለችኝ፤ «ተቀምጠው በቋንቋቸው ቢያወሩ ይወጣላቸዋል፤ ይሄን የፎቶ ነገር ይረሱታል።» ለአባባ ነገርናቸው። ጺማቸውን ሁለት ጊዜ ተላጩ።

ቃሊቲ አደባባይ አጠገብ ለመንገድ ሠራተኞች ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ቻይኖቹም ደንበኞቿ ናቸው። ምን ፈልገን እንደመጣን ነገርናት። አባባን አየች፣ ፈገግ አለች፣ ሻይ የሚጠጣ አንድ ጎልማሳ ቻይና በእጇ ጠቅሳ ጠራችልን። አቧራ የለበሰ፣ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ነው። አባባን ሲያይ ሻዩን አስቀምጦ ብድግ አለ።

አባባ ተናገሩ። በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ከአፋቸው ወጣ፤ እንደ ዜማ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ቀስ ያለ፣ በየመሀሉ ቃል ፍለጋ የሚቆም። ሰውየው አንገቱን አዘንብሎ አዳመጠ። ከዚያ እሱ ተናገረ፣ ፈጠን አድርጎ። አባባ ደግሞ በተራቸው አንገታቸውን አዘነበሉ። ሁለቴ ሦስቴ ሞካከሩ። አልሆነም። አንዱ ሌላውን አልሰማውም።

«አገሩ ትልቅ ነው» አሉን አባባ ወደ እኛ ዞረው። «የኔ መንደር ቋንቋ ሌላ ነው። እሱም ከሩቅ ነው የመጣው። ደግሞ እኔም... ብዙው ጠፍቶብኛል።»

እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ። ያመጣቻቸው እሷ ናትና። እኔ ደግሞ የማደርገውን አጥቼ ከቦርሳዬ ፎቶዎቹን አወጣሁ፤ ለእንግዳ አልበም እንደሚሰጥ ለሰውየው ሰጠሁት። በትሕትና አንድ በአንድ አየ። በጎን የተነሡትን ሲያይ ቅንድቡ ተሰበሰበ። ያቺን የምወዳትን፣ ግማሽ ፊት በጥላ ያለችውን ሲያይ ጭንቅላቱን ነቀነቀና ምላሱን ጠጭ አደረገ። ጣቱን ወደ አባባ ነጭ ፀጉር ቀሰረ፣ ወደ ፎቶዋ ቀሰረ፣ ወደ እኔ ቀሰረ። በማላውቀው ቋንቋ ተቆጣኝ ማለት ነው።

ከዚያ ሻይ ሻጯን በምልክት አስነሥቶ የተቀመጠችበትን ዱካ ወሰደ። ፊት ለፊቴ ተቀመጠበት። ባርኔጣውን አወለቀ። የአቧራማ ሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈ። እጁን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፤ ጀርባውን አቀና፤ አፉን ገጠመ። አንድ ነገር የረሳ ይመስል እጆቹን አነሣና ሁለት ጆሮውን በጣቶቹ ወደ ፊት ጎትቶ አሳየኝ፤ ይሄም፣ ይሄም።

አባባ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ጭናቸውን እየመቱ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። ሰውየውም አብሮ ሳቀ። ቋንቋ አላገናኛቸውም፣ ይሄ ግን አገናኛቸው። ከሣቁ በኋላ ሰውየው ተነሣ፤ በአየር ላይ የጠረጴዛ ቁመት ለካ፤ በሁለት እጁ ሳሕን እንደሚያስቀምጥ አደረገ፤ ጎንበስ አለ። አባባም ጎንበስ አሉለት።

«ምን እያለ ነው?» አለች እማዬ ሻይ ሻጯን።

«እኔ ምን አውቄ እቴ፤ ሻይ ነው የምሸጠው።»

እማዬ ግን ገብቷት ነበር። ከፊቷ አየሁት። ምሳ ላይ የሰማችውን የአንድ ሽማግሌ አመል አድርጋ ነበር የወሰደችው፤ አሁን ግን ከሩቅ የመጣ፣ አባቷን የማያውቅ፣ የሚናገሩትን የማይሰማ ሰው ያንኑ ነገር በገዛ አካሉ አሳያት።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ሦስታችን ተጣብበን ተቀመጥን። አባባ መሀል ናቸው። እማዬ መስኮቱን እያየች፣ ድንገት፣ ባሕር ዛፉ ሥር በየዓመቱ የሚያስቀምጡት ሳሕን የማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የእናትና የአባታቸው መሆኑን ነገሯት። ቀኑ በትክክል መቼ እንደሆነ እንኳ ጠፍቶባቸዋል፤ በእነሱ አገር ቅዝቃዜው ሲለቅ ነው፤ እዚህ ገምተው ነው የሚያደርጉት። በአገራቸው ዶሮ ነበር የሚቀርበው። ሲገምቱት ግን ሁልጊዜ ጾም ላይ ይወድቃል፤ አያቴ ደግሞ በጾም ዶሮ ቤቴ አይታረድም ትል ነበር።

«ስለዚህ ምስር ሰጠኋቸው» አሉ አባባ። «እናቴንና አባቴን ክርስትና ሳይነሡ አጾምኳቸው።»

እማዬ መሳቅ ጀመረች። ሣቋ ሳይቋረጥ ወደ ልቅሶ ገባ፤ ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩን። ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ፣

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» አለቻቸው።

ታክሲው የፋብሪካዎቹን አጥር አልፎ ወደ አቃቂ ወረደ።

«ቻይና ስትባዪ ታለቅሺ ነበርና» አሉ።

ልንወርድ ስንል አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚፈሩት ሞት አለመሆኑን ነገሯት። ስማቸውን ጠርቶ ብሉ የሚላቸው ሳይኖር መቅረት ነው። እዚያ፣ የአባታቸው ጠረጴዛ ላይ፣ እሳቸው የሉም፤ ባሕር ላይ የጠፋ ልጅ ናቸው። እዚህ ደግሞ ጠረጴዛው ራሱ የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጭ ሸሚዛቸውን የተኮሰችው እማዬ ናት። ግድግዳው ላይ ሰማያዊውን ብርድ ልብስ የሰቀለችውም እሷ ናት። ፀጉራቸውን በውሃ አርሳ ከጆሯቸው ኋላ አበጠረችላቸው፤ አንዱን ጆሮ ጠረገች፣ ሌላውን ጠረገች፣ ልጅ ለትምህርት ቤት እንደምታሰናዳ። ካሜራዋን ሣጥን ላይ ሣጥን ደርቤ አስቀመጥኩ። ልጫን ስል አባባ ጣታቸውን አነሡ። «ይለፍ» አሉ። እኔ ገና ምንም አልሰማሁም። ቆይቶ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ባቡሩ ከቤታችን ኋላ እየጮኸ አለፈ፤ ሣጥኖቹ ከነካሜራዬ ተንገጫገጩ። የመጨረሻው ፉርጎ እስኪርቅ አዳመጡና «አሁን» አሉ።

ፊታቸው ግን እንጨት ሆነ። ፎቶ የሚነሡ ሳይሆን ፍርድ የሚሰሙ ይመስላሉ። ወደ ካሜራዋ እንዲያዩ ነገርኳቸው፤ አዩ፤ ያው እንጨት ነው። እማዬ ከኋላዬ ቆማ ነበር። በእጇ የራሷን አንገትጌ ነካ አደረገች፣ ያስተካክሉት ለማለት። ሊያስተካክሉ ቀና ብለው እሷን አዩ። ፊታቸው ተፈታ። ያኔ ተጫንኩት።

ፎቶዋ ታጥባ ስትመጣ አባባ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩዋት። አንድ ጆሮ፣ ሁለት ጆሮ፣ ጣቶቹ በሙሉ። ምንም አልጎደለም። ፊቷን ወደ ታች አልደፏትም።

«ዓይኔ ግን ወዴት ነው የሚያየው?» አሉ።

«ወደ እማዬ ነው፣ አባባ። ከፈለጉ እንደገና...»

«ተይው። የምታበላኝ እሷ ናት።»

ፎቶዋ በነጠላ ተጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ ቆየች፤ እማዬ አባቷ በሕይወት እያሉ ግድግዳ ላይ አላያትም ብላ። አባባም አልተከራከሩም፤ መኖሯን ማወቃቸው በቃቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከእኔ ጋር እየተቀመጡ ያወሩኝን ሁሉ እዚህ አልጨርሰውም፤ የእናታቸውን ስም ግን አሁን አውቀዋለሁ። ባቡሩ ከእሳቸው ቀድሞ ቆመ። መጀመሪያ ይዘገይ ነበር፣ ኋላ መምጣቱን ተወ፤ እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው በሰዓቱ ጆሯቸውን ይሰጡ ነበር።

ሲያርፉ እማዬ ያቺን ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛ ለቅሶው መሀል ዞረች። ማንም ስለ ማንም እጅ አልጠየቀም። ወሩ ሳይሞላ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ወደ እኔ መጡና «እንደ ቻይናው አድርገሽ አንሺኝ» አሉኝ። ከእሳቸው በኋላ ሌሎችም መጡ። ስንቱን የአቃቂ ሽማግሌ ወንበር ላይ አስቀምጬ እጅዎን ጉልበትዎ ላይ ያድርጉ እንዳልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ልጆቻቸው ሟርተኛ ይሉኛል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ይመርቁኛል።

እማዬ በሩ ፊት ለፊት ጠረጴዛ አስገባች፤ ፎቶዋን እዚያ አቆመቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ያቀረበችላቸው ቀን፣ ሳሕኑን አስቀምጣ ቆመች። ምን እንደሚባል አባባ አላስተማሩንም ነበር፤ የእሳቸውን መንደር ቋንቋ ደግሞ የሚያውቅ የለም። እኔን ዞራ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከጓዳ ስትጠራቸው በነበረው ድምፅ፣

«አባባ፣ ሳይቀዘቅዝ ይብሉ እንጂ» አለች።